በዓይን የማይታየው ዲፈረንሻል ስንት ያወጣል?

በአሜሪካ ያገለገሉ የስፖርት መኪኖች ገበያ ሁለት ማዝዳ ኤምኤክስ-5 መኪኖች በቀለም፣ በሞተርና በምርት ዘመን አንድ ሆነው በዋጋ ሊለያዩ ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው በኋላ ጎማዎቹ መካከል በተቀመጠችው የብረት ሣጥን ውስጥ ነው። ሻጩ «ሊሚትድ ስሊፕ አለው» ይላል፤ ገዢው ጎንበስ ብሎ ቢያይም ውስጡ አይታየውም።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ሳያውቅ ሲቀር ጥሩው ዕቃ በመጥፎው ዋጋ እየተመዘነ ከገበያ እንደሚወጣ ያሳየው ባገለገለ መኪና ምሳሌ ነበር። በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ምሁራን አንዱም ሆኗል። ዲፈረንሻልን አስቦ ነው ባይባልም ምሳሌው ልክ ይገጥማል።

ለመሆኑ ዕቃው ምን ይሠራል? መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ተራው ዲፈረንሻል ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል፤ ጉልበቱን ግን እኩል ስለሚያካፍል አንዱ ጎማ መሬት መያዝ ካቃተው ሌላውም የሚደርሰው ያችኑ ጥቂት ነው። ጭቃ የገባ ፒክአፕ አንድ ጎማው ብቻ ሲሽከረከር ያየ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። በኋላ ጎማው የሚገፋ ፈጣን መኪናም ኩርባ ላይ የውስጥ ጎማው ስለሚቀልል፣ ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ያ ጎማ በባዶ ይሽከረከራል። ሊሚትድ ስሊፕ ይህን ገድቦ ጉልበቱን መሬት ወደያዘው ጎማ ያሻግራል፤ መኪናው ከኩርባው ተስፈንጥሮ ይወጣል።

ወጪም አለው። በዝናብ ቀን በተራው ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ ቢንሸራተት ሌላው የመኪናውን ኋላ ይዞ ይቆይ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም አብረው ሊለቁ ይችላሉ፤ ልምድ የሌለው ሾፌር ሳያስበው ዞሮ ይቆማል።

ዓይነቱም ዋጋ ይለውጣል። ኤምኤክስ-5 እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ ላይ ለዕይታ ቀርቦ ለአሜሪካ ገበያ ሲወጣ፣ 1.6 ሊትሩ በተጨማሪ ክፍያ የሚያገኘው በሲሊኮን ፈሳሽ የሚሠራውን ቪስከስ ነበር፤ ይህ በዕድሜ ይደክማል። በ1994 ሞዴል 1.8 ሊትሩ ሲመጣ በጥርስ የሚሠራው ቶርሰን ተተካ። የሚፋተግ ዲስክ ስለሌለው ዕድሜው ረጅም ነው። የ1.6 ባለቤቶች ከተሰባበሩ 1.8ዎች ላይ እየፈቱ የሚያስገጥሙትም ለዚህ ነው። ሌሎች ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት ባለ ዲስኩ እንደ ፍሪሲዮን ሸራ ያልቃል፤ ልዩ ዘይትም ይፈልጋል። ዲስኩ ካለቀ ሻጩ ባይዋሽም ገዢው የከፈለው ለተራ ዲፈረንሻል ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንስቶ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቆ አንዱን ጎማ በእጅ ማዞር። ሌላው በዚያው አቅጣጫ ከዞረ ጥሩ ምልክት ነው፤ በተቃራኒ ከዞረ ወይ ተራ ነው ወይ አልቋል። ጎማው አየር ላይ ሲሆን እንደ ተራው የሚሆነው ቶርሰን ግን በዚህ ፈተና ሊያሳስት ስለሚችል የፋብሪካውን ወረቀት መጠየቅ ይሻላል። ወረቀቱም ከሌለ፣ መኪናው እንዲነሳም ሻጩ ካልፈቀደ፣ ድርድሩ በተራው ዲፈረንሻል ዋጋ ይጀመር።