ጉብጠቱ የማን ነው? ስለ ቡፎን ትወናና አሠለጣጠኑ

1. መግቢያ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ስላቅ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ተማሪዎቼ ያለ ቃል፣ በአካላቸው ብቻ እንዲያላግጡ አዘዝኋቸው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ጃኬቱን ጠቅልሎ ከሸሚዙ ሥር ጀርባው ላይ ወተፈና፣ ጎብጦ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚለምን ሰው እጁን ዘርግቶ በክፍሉ ዞረ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ከኋላ የተቀመጠች፣ በክራንች የምትሄድ ተማሪ ግን አልሳቀችም። ትምህርቱ ሲያበቃ ቀርባ፣ «መምህር፣ አሁን የተላገጠው በማን ላይ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ለጥያቄዋ መልስ ስፈልግ የደረስሁት በአውሮፓ የአካላዊ ቴአትር ትምህርት ውስጥ ቡፎን ተብሎ ከሚጠራው የትወና ዘርፍ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ቡፎን ምን እንደሆነ፣ ተዋንያንም እንዴት እንደሚማሩት ማስረዳት፣ በተለይም የአሠለጣጠኑ ቅደም ተከተል ከተማሪዬ ጥያቄ ጋር ያለውን ግንኙነት ማሳየት ነው።

2. የቡፎን ምንነት

ቡፎን የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን ቀልደኛ፣ በተለይም ነገሥታትን የሚያጫውት አላጋጭ ማለት ነው። ይህን ጥንታዊ ቃል ወስዶ በተዋንያን ትምህርት ውስጥ ራሱን የቻለ ዘርፍ ያደረገው ፈረንሳዊው ዣክ ለኮክ (1921-1999) ነው። ለኮክ ወደ ቴአትር የመጣው ከስፖርትና ከሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ነበር። በኢጣሊያ ለስምንት ዓመት ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 በፓሪስ ትምህርት ቤት ከፈተ። በሁለት ዓመቱ ትምህርት ውስጥ ተማሪው በመጀመሪያ በገለልተኛው ጭምብል የራሱን ልማዳዊ እንቅስቃሴ ማራገፍን ይማራል። ቡፎን የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በሁለተኛው ዓመት፣ ከትራጀዲ፣ ከሜሎድራማ፣ ከኮሜዲያ ዴላርቴና ከክላውን ጎን ነው።

ቡፎንንና ክላውንን መለየት ያስፈልጋል። ክላውን ብቻውን ይቆማል፤ ይሞክራል፣ አይሳካለትም፣ እኛም በእርሱ እንስቃለን። ቡፎን ግን በጭፍራ ይመጣል፤ የሚስቀውም እርሱ ነው፣ የሚሳቅብንም እኛ ነን። የለኮክ ተማሪ፣ ኋላም በዚያው ትምህርት ቤት መምህር የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1980 የራሱን ትምህርት ቤት የከፈተው ፊሊፕ ጎልዬ ለዚህ ጭፍራ የትውልድ ተረት ሰጥቶታል። ጎባጦች፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን፣ ከሃዲ የተባሉ ሰዎች ከከተማ ተባርረው በረግረግ ይኖራሉ። በበዓል ቀን «መልከ መልካሞቹን» እንዲያጫውቱ ወደ ከተማ ይጠራሉ። እነርሱም ያባረሯቸውን ሰዎች ፊት ለፊታቸው ቆመው እያስመሰሉ ያስቋቸዋል። ይህ የታሪክ ማስረጃ ሳይሆን ለተዋናዩ ምናብ የተሰጠ መነሻ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይህን ከግሮቴስክ ጽንሰ ሐሳብ ጋር ሊያዛምደው ይችላል። ሚኻኢል ባኽቲን ስለ ራብሌ በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ የግሮቴስክ አካል ሆዱ የገፋ፣ አፉ የተከፈተ፣ ያልተጠናቀቀ አካል ነው። የካርኒቫሉ ሳቅም የሚስቀውን ሰው ራሱን ይጨምራል። በተውኔት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ የታየው የአልፍሬድ ዣሪ «ንጉሥ ኡቡ» ሊጠቀስ ይችላል። ቦርጫሙ ኡቡ ንጉሥ ገድሎ ይነግሣል፤ ተመልካቹም በመጀመሪያው ቃል ላይ ተንጫጭቷል።

3. የአሠለጣጠኑ ቅደም ተከተል

ዝርዝሩ እንደየመምህሩ ቢለያይም፣ ሥልጠናውን በአራት ደረጃዎች ከፍሎ ማየት ይቻላል።

አንደኛው ማስመሰል ነው። አንዱ ተማሪ በተለመደ አኳኋኑ ይራመዳል፤ ሌላው ከኋላው እየተከተለ አረማመዱን ይቀዳል፣ ከዚያም ያጋንናል። ማስመሰሉ ወደ ማላገጥ የሚለወጥበት ጊዜ በግልጽ ይታያል፤ የተቀዳው ሰው መቆጣት ይጀምራልና።

ሁለተኛው አካል መፍጠር ነው። ተዋናዩ ጨርቅና ጥጥ ጠቅጥቆ ጉብጠት፣ ቦርጭ፣ የተጋነነ መቀመጫ ወይም ደረት ይሠራል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሚፈለገው የአንድን በሽተኛ አካሄድ መቅዳት አለመሆኑ ነው። አዲሱ አካል በምናብ የተፈጠረ፣ መዝለልና መጨፈርም የሚችል መሆን አለበት። ለኮክ እንዳስተዋለው፣ ተማሪዎቹ በዚህ አካል ውስጥ ሲገቡ በራሳቸው አካል የማይደፍሩትን ለመናገር ነፃነት ያገኛሉ።

ሦስተኛው ጭፍራው ነው። ተዋንያኑ አብሮ መተንፈስን፣ አብሮ መንቀሳቀስን፣ ከመካከላቸው አንዱን ማንገሥንና ማውረድን ይለማመዳሉ። የሥልጣን ተዋረድ በእነርሱ ዘንድ ይገለበጣል።

አራተኛው ዒላማው ነው። ጭፍራው የእኛን ዓለም ይጫወታል፤ ጦርነቱን፣ ችሎቱን፣ የክብር ንግግሩን። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ተዋናዩ ንዴቱን ካሳየ ጨዋታው ስብከት ይሆናል፣ ተመልካቹም ጆሮውን ይዘጋል። ጎልዬ የመጫወትን ደስታ አጥብቆ ያስተማረው ለዚህ ነው። ደስታው ተመልካቹን ያስቃል፤ ሳቁ ካለፈ በኋላ ደግሞ የሳቀበት ነገር ራሱ እንደሆነ ይገባዋል።

4. ወደ ጥያቄው መመለስ

እንግዲህ በእኔ ክፍል የተሳሳተው ምን ነበር? ልጁ ጉብጠቱን ለበሰ፣ ነገር ግን ማላገጡ እዚያው ጉብጠቱ ላይ ቆመ። በቡፎን ጉብጠቱ መጨረሻ ሳይሆን መነሻ ነው። በቅኔ ትምህርታችን ቋንቋ ብንናገር፣ ጉብጠቱ ሰሙ ሲሆን ወርቁ ተመልካቹ ነው። እኔ ግን ተማሪዬን ሰሙን ብቻ አሠርቼው ሳቅሁ።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ላሊበላ ወይም ሐሚና የሚባሉት ዘማሪዎች ጎሕ ሳይቀድ ከሰው ደጃፍ ቆመው ያዜማሉ፤ ማዜሙን ቢተዉ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚል እምነት ከእነርሱ ጋር ተያይዞ ይነገራል። የሰጣቸውን ይመርቃሉ፣ የነፈጋቸውን በነገር ይወጋሉ። የእነርሱ መተዳደሪያ እንጂ ትወና ስላልሆነ ከቡፎን ጋር አንድ ነው አልልም። ይሁን እንጂ የተገለለው ሰው በባለቤቱ ደጃፍ ቆሞ የመዳኘት መብት ማግኘቱ ሁለቱን ያመሳስላቸዋል።

አንድ ችግር ግን ይቀራል። ጤነኛ ተዋናይ ጉብጠት ለብሶ ሲወጣ፣ ተመልካቹ ከጉብጠቱ አልፎ እንደሚያይ ማን ዋስ ይሆናል? ሥልጠናው አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ አራተኛው ደረጃ ላይ ሳይደረስ ሁለተኛውን ለሕዝብ ማሳየት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

በተከታዩ መንፈቅ ዓመት ልምምዱን በዚህ ቅደም ተከተል ደገምሁት። ጭፍራውን የመራችው ያችው ባለ ክራንች ተማሪ ነበረች። ሻርፕ ጠቅልላ ትልቅ ቦርጭ ሠራች፣ መነጽር አደረገች፣ በክራንቿ ጥቁር ሰሌዳውን እየጠቆመች የሌሎቹን ጉብጠት በማስመሪያ እየለካች ነጥብ ትሰጥ ጀመር። ከተማሪዎቹ ሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ የተማሪዎቼን ወረቀት ሳርም፣ ትዕይንቱ ትዝ ሲለኝ እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ።