ከስትሮክ በኋላ ዳግም መራመድ፦ ወንበር፣ ደረጃና የቤተሰብ እጅ

በየመን የወደብ ከተማ ኤደን የምትገኘው ተዋሂ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ተራራ ግርጌ እስከ ባሕሩ ዳርቻ የተዘረጋች ሰፈር ናት። በዳገቱ ላይ ወደ ተሠሩት ቤቶቿ የሚደረሰው በደረጃ ነው። ለጤነኛ ሰው ደረጃው የዕለት ልማድ ነው፤ ስትሮክ አንድ ጎኑን ላሰነፈበት ሰው ግን ገበያና መስጊድ ደርሶ መመለስን ከቤት መዋል የሚለይ ወሰን ነው።

ስትሮክ የሚከሰተው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በድንገት ሲቋረጥ ወይም የደም ሥር ሲፈነዳ ነው። ታካሚው ክብደቱን በጤነኛው እግሩ ላይ ብቻ መጣል ስለሚለምድ ሚዛኑ ይዛባል። ያልተጎዳው የአንጎል ክፍል የጠፋውን ተግባር በከፊል ሊረከብ ይችላል፤ ይህም የሚሆነው አንድን እንቅስቃሴ ደጋግሞ በመሥራት ነው።

ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተባባሰው ጦርነት የየመንን የጤና አገልግሎት ክፉኛ አዳክሞታል። በኤደን በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የሚደገፍ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ። ሆኖም በየጊዜው መመላለስ ለማይችል ቤተሰብ ጥያቄው አንድ ነው፤ ሕክምናው ያለ ውድ መሣሪያ ይሠራል?

በአሜሪካ በ408 ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። አንዱ ወገን በማሰሪያ ተደግፎ በመሮጫ መሣሪያ ላይ ተለማመደ፤ ሌላው በቤቱ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየተመራ የጥንካሬና የሚዛን እንቅስቃሴ ሠራ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም፤ ከተሳታፊዎቹ 52 በመቶው የመራመድ ችሎታቸው ተሻሽሏል። ይሁን እንጂ ከግማሽ የሚበልጡት ቢያንስ አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ስለዚህ ልምምዱ የባለሙያ ምክርና የቅርብ ጠባቂ ይሻል።

መሠረታዊዎቹ እንቅስቃሴዎች ቀላል ናቸው። ታካሚው ግድግዳ ከተደገፈ ጠንካራ ወንበር ላይ ደጋግሞ ይነሣል፣ ይቀመጣል፤ ጠረጴዛ ይዞ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ያዛውራል፤ ዝቅተኛ እርከን ላይ እግሩን ያነሣል፣ ይመልሳል። ረዳቱ በደከመው ጎን ይቆማል፤ የደከመውን ክንድ ግን ፈጽሞ አይጎትትም፤ ትከሻው ሊወልቅ ይችላልና።

ለደረጃም ሥርዓት አለው። ሲወጡ ጤነኛው እግር፣ ሲወርዱ የደከመው እግር ይቀድማል፤ ረዳቱም ዘወትር ከታች በኩል ይሆናል።

ችኮላም ይጎዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ከ2 ሺህ 100 በላይ ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ ስትሮክ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር የበዛ እንቅስቃሴ መልካም የማገገም ዕድልን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጊዜውንና መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

በተዋሂ ዳገትም ሆነ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ አቀበት ላይ የሚኖር ታካሚ የሚጀምረው ከዚያው ከወንበሩ ነው። ዛሬ ተደግፎ የተነሣ፣ ነገ አንድ እርከን ይወጣል።