አንድ ስም ለሁለት በሽታ



ባለፈው ክረምት አያቴ ከሐኪም ዘንድ ሁለት ዓይነት ኪኒን ይዘው ተመለሱ። አንዱ ለደም ብዛት፥ ሁለተኛው ለደም ማነስ የታዘዘ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለቱንም ሳይነኳቸው ከሣጥናቸው ውስጥ አገኘናቸው። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፥ «ደምሽ በዝቷል ካሉ በኋላ እንዴት ደግሞ አንሷል ይላሉ? አንዱ ሌላውን ያቃናዋል ብዬ ተውሁት» አሉን። ነገሩ ቢያስቀንም፥ ቆይቼ ሳስበው ስሕተቱ የአያቴ ሳይሆን የስሙ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

በልማድ «ደም ብዛት» የምንለው በሽታ የደምን መብዛት አያመለክትም። ልብ ደምን ስትረጭ ደሙ የሥሮቹን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ከልክ ሲያልፍ፥ ይኸውም ብዙ ጊዜ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። «ደም ማነስ» ግን በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ማነስ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊታመም ይችላል። የፊተኛው በሽታ «ከፍተኛ የደም ግፊት» ቢባል ኖሮ አያቴ ባልተደናገሩ ነበር። በኦሮምኛ «ዺባ ዺጋ» መባሉም ይህንኑ ግፊት በግልጽ ያሳያል።

«ነቀርሳ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። የሳምባ ነቀርሳ የምንለው ቲቢ በትንፋሽ የሚተላለፍ፥ ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ብዙ ሰዎች ግን ካንሰርንም ነቀርሳ ይሉታል፤ ካንሰር ደግሞ በትንፋሽ አይተላለፍም። «ሳምባው ላይ ነቀርሳ አለ» የተባለ ቤተሰብ ከበሽተኛው ይራቅ ወይስ ይቅረብ?

«ተስቦ» ሲባልም አንዱ በቅማል የሚተላለፈውን ታይፈስን፥ ሌላው በተበከለ ውኃና ምግብ የሚመጣውን ታይፎይድን ይረዳል። ለአንዱ መከላከያው ልብስን መቀቀል፥ ለሌላው ውኃን ማፍላት ነው። ይህ መደናገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ዶክተር ዊልያም ጌርሃርድ በ1837 እ.ኤ.አ. እስኪለያቸው ድረስ ብዙ ሐኪሞች ሁለቱን እንደ አንድ በሽታ ይቆጥሯቸው ነበር።

እንግዲህ ሊቃውንት ስሞችን አንድ ለማድረግ የደከሙት ስለዚህ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን በ1893 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር እያደገ ሄዶ፥ ዛሬ በዓለም የጤና ድርጅት እጅ 11ኛው እትም ላይ ደርሷል። በዚህ መዝገብ እያንዳንዱ በሽታ የራሱ ቁጥር አለው፤ ቲቢና የሳምባ ካንሰር በአንድ ረድፍ አይገኙም። በአገራችንም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል።

አሕጽሮተ ቃልም ከዚህ የማይተናነስ አደጋ አለው። ሐኪሞች ከላቲን አሳጥረው «ኪዩ.ዲ.» ሲጽፉ በቀን አንድ ጊዜ፥ «ኪዩ.አይ.ዲ.» ሲጽፉ ደግሞ በቀን አራት ጊዜ ማለታቸው ነው። በመካከላቸው ያለችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ኢንሱሊን ሲታዘዝም ዩኒት ለማለት የሚጻፈው የላቲን ፊደል ዜሮ ስለሚመስል፥ 10 ዩኒት 100 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በአሜሪካ ጆይንት ኮሚሽን የተባለው ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. እነዚህን የመሳሰሉ አጻጻፎች እንዳይሠራባቸው ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ ከተማ አዳማ የመንገደኛና የገበያ አገር ናት። ከወንጂ፥ ከመተሐራ፥ ከመቂና ከባቱ የሚመጣው በሽተኛ አንዱ «ወባ»፥ አንዱ «ንዳድ»፥ አንዱ «ቡሳ» ይላል። ይህ ብዙ አያስፈራም፤ ስሙ ቢለያይም በሽታው አንድ ነውና ሐኪሙ ይረዳዋል። የሚያስፈራው አንድ ስም ሁለት በሽታ ሲሸከም ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሮች፥ ወላጆቻችንን አጅበን ወደ ሐኪም ስንሄድ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የበሽታው ስም ምን ማለት ነው? መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ ይወሰዳል? እስከ መቼ? መልሱንም ሳናሳጥር ሙሉ ቃሉን በወረቀት እንጻፈው።

አያቴ ዛሬ ሁለቱንም ኪኒኖች በየሰዓታቸው ይወስዳሉ። ሲጠየቁም፥ «ደሜ ይገፋል፤ ጉልበቱ ግን አንሷል» ብለው ያስረዳሉ።