«አግራቬት»፦ ማክበድ ወይስ ማናደድ?

ብስጭትን ለመግለጽ እንግሊዝኛ የቃል ድኻ አይደለም። «አኖይ»፣ «ኢሪቴት»፣ «ቬክስ»፣ «ፕሮቮክ»፣ «ኤግዛስፐሬት» እያለ ይደረድራል። ከነዚህ ሁሉ መካከል ግን ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ፣ በተማሪም ወረቀት ላይ ቀይ መስመር የሚያስከትል አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «አግራቬት» የሚባለው ነው። እንግሊዝኛ የምንማርበትና የምንፈተንበት ቋንቋ ስለሆነ፣ ይህን ቃል ከሥሩ መመርመር ለሁላችንም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። «ግራቪስ» ማለት ከባድ ማለት ሲሆን፣ «አግራቫሬ» ደግሞ ማክበድ፣ በሸክም ላይ ሸክም መጨመር ማለት ነው። የፊዚክስ ተማሪዎች «ግራቪቲ» የሚሉት የስበት ኃይልና «ግሪፍ» የሚባለው ኀዘን ሁለቱም ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። ስለዚህ የ«አግራቬት» ዋና ትርጉም አስቀድሞ የነበረን ክፉ ነገር ይበልጥ ማክበድ ወይም ማባባስ ነው። እዚህ ላይ «አስቀድሞ የነበረ» የሚለው ልብ ይባል። ደኅና እግር «አግራቬት» አይደረግም፤ ወለም ያለው እግር ግን ባለቤቱ ሳይድን ኳስ ሲመታበት ይደረጋል። አባቶቻችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲሉ የገለጹት ይህንኑ ሐሳብ ነው፤ እንቅርቱ አስቀድሞ ከሌለ ተረቱ አይሠራም።

የሕግ ተማሪዎች ይህን ትርጉም አሳምረው ያውቁታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 84 ቅጣትን የሚያከብዱ ምክንያቶችን ይዘረዝራል። እንግሊዝኛው «አግራቬቲንግ» ያለውን አማርኛው «ማክበድ» በሚለው ግሥ ሲገልጸው፣ ከላቲኑ ሥር ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቷል ማለት ነው። እንዲሁም በአንቀጽ 669 ያለው «ከባድ ስርቆት» በእንግሊዝኛው «አግራቬትድ» የሚል ቅጽል አለው። ይህም ሌባው ባለንብረቱን ከሌላው ሌባ ይልቅ አናዶታል ማለት አይደለም፤ ወንጀሉ ራሱ ከብዷል ማለት ነው።

ታዲያ ማናደድ የሚለው ትርጉም ከየት መጣ? ይህም ቢሆን የትናንት ልጅ አይደለም፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በጽሑፍ ይገኛል። ሆኖም ብዙ ባላንጣዎች ገጥመውታል። ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል በሎጂክ መጽሐፉ እንዳመለከተው፣ ይህ አነጋገር በልጅነቱ ጊዜ የሕፃናት ማሳደጊያ ክፍል ተራ ወሬ ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ጋዜጣና ወደ መጽሐፍ ሾልኮ ገባ። የወንጀል ሕግ ጸሐፊዎች ቅጣትን ስለሚያከብዱ ምክንያቶች ሲናገሩም አንባቢ ሌላ ነገር ሳይረዳ አይቀርም ብሎ ሠግቷል። ሄንሪ ፋውለር በበኩሉ በ1926 ባሳተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መጽሐፍ፣ በዚህ ትርጉም መጠቀም ላልተማሩ ሰዎች ይተው ሲል ፈረደ። ፍርዱ ግን ቃሉን አላቆመውም፤ ዛሬ እንደ መርየም ዌብስተር ያሉ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ትርጉም ይመዘግባሉ።

እኛ በዚህ ክርክር ፋውለር አብዝቷል እንላለን። ቃል ከነገር ወደ ሰው ልብ መሻገሩ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚታይ አይደለምና። «ተናደደ» የምንለው ቃል እኮ እሳት «ነደደ» ከምንለው ጋር ዘመድ ነው፤ እሳቱ ከምድጃ ወጥቶ ወደ ሰው ልብ ስለ ገባ አማርኛችን ተበላሸ የሚል አልሰማንም። በነገር ላይ ይጨመር የነበረው ክብደት በሰው ላይ ሲጫን ሰውየው ቢበሳጭ ምን ይገርማል? ይሁን እንጂ ሚል የሠጋው ነገር እውነት አለበት። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ሲያድሩ፣ ጸሐፊው ካልተጠነቀቀ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል።

መለያውም ቀላል ነው፤ ድርጊቱ የሚያርፍበትን ማየት ነው። የሚያርፈው በሽታ፣ ድርቅ፣ ጠብ፣ ዕዳ በመሳሰለው ላይ ከሆነ «አግራቬት» ያለ ጥርጥር ቦታው ነው። የሚያርፈው በሰው ላይ ከሆነ ግን በወዳጆች ጨዋታ ቢነገር ነውር የለውም፤ በፈተናና በደብዳቤ ላይ ግን ሌላ ቃል መምረጥ ይሻላል። ለተራው ማናደድ «አኖይ» ይበቃል። «ኢሪቴት» ለሰውም፣ ለሚቆጠቁጥ ቆዳና ለሚለበልብ ዓይንም ይሆናል። ሰውን ነካክቶ ለጠብ ማነሣሣት «ፕሮቮክ» ነው፤ ትዕግሥትን እስከ ጫፍ ማድረስ ደግሞ «ኤግዛስፐሬት» ነው።

ይህ ልዩነት የሰዋስው መምህራን ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ተማሪዎች ስለ መኝታ ቤት ውኃ ለአስተዳደር የሚጽፉትን ማመልከቻ ያስብ። አንደኛው ማመልከቻ የውኃው መጥፋት «አግራቬት» አድርጎናል ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ቀድሞም የነበረውን የውኃ እጥረት የፓምፑ ሳይጠገን መቆየት «አግራቬት» አድርጎታል ይላል። የመጀመሪያው የሚናገረው ስለ ጸሐፊዎቹ ስሜት ነው፤ መልሱም «ታገሡ» የሚል ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን ችግሩ ከመቼ ጀምሮ እንደነበረ፣ ማን ወይም ምን እንዳከበደው፣ ምን ቢደረግ እንደሚቀል ያሳያል። ለዚህ «ታገሡ» ብሎ መመለስ አይቻልም፤ ፓምፑ ይጠገናል ወይም አይጠገንም ማለት ግድ ይሆናል።

ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ብዕር ስናነሣ አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ልንናገር የፈለግነው መናደዳችንን ነው ወይስ የነገሩን መክበድ? መናደዳችንን ከሆነ ቃሉ ሞልቷል። የነገሩን መክበድ ከሆነ ግን «አግራቬት» የተሠራው ለዚሁ ነውና በቦታው እንጠቀምበት።