ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የሚረዳ ቡድን በሀደራ ምዕራብና በአካባቢው እንዴት ይገኛል?

በኢትዮጵያ ሳለን ጠላ የሚጠመቀው ለበዓል፣ ለሰርግና ለደቦ ነበር። አረቄም አልጠፋም፤ ነገር ግን ሰው የሚጠጣው ከሰው ጋር፣ በሽማግሌዎች ዓይን ሥር ነበር። እዚህ እስራኤል ግን 40 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው የቮድካ ጠርሙስ ከመኮሌት ተገዝቶ ብቻን ይጠጣል። ቤተሰቡም "ስማችን ይጠፋል" ብሎ ዝም ይላል። አባቶቻችን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይሉ ነበር። በዚህ ጽሑፋችን ምሥጢርን ሳያወጡ እርዳታ ማግኘት እንደሚቻል እናስረዳለን።

ቡድኑ ምንድን ነው?

በዓለም በሰፊው የታወቀው በዕብራይስጥ "አልኮሆሊስቲም አኖኒሚም" የሚባለው ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አክሮን ከተማ ቢል ዊልሰንና ዶክተር ቦብ ስሚዝ የሚባሉ ሁለት ጠጪዎች መሠረቱት። ዊልሰን ወደ መጠጥ ሊመለስ ሲፈተን፣ እንደ እርሱ የተቸገረ ሌላ ሰው ፈልጎ በማነጋገሩ ያን ቀን ሳይጠጣ አለፈ። የቡድኑ አሠራር እስከ ዛሬ ይኸው ነው፤ ችግሩን በራሱ ያየ ሰው ሌላውን ያግዛል። ምዝገባና ክፍያ የለም። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። በስብሰባው ላይ የመናገር ግዴታ የለም፤ ቁጭ ብሎ ማዳመጥም ይቻላል። ስለ አምላክ ቢነሳም እያንዳንዱ እንደ እምነቱ ስለሚረዳው ሃይማኖቱን ለውጥ የሚለው የለም።

ሰው ቢያየንስ?

ብዙዎችን የሚያስቀረው ይህ ፍርሃት ነው። በቡድኑ ውስጥ የሚነገረው የመጀመሪያ ስም ብቻ ሲሆን የተሰማውም እዚያው ይቀራል። ያም ሆኖ በሀደራ ወይም በጊቫት ኦልጋ የሚያውቀኝ ሰው ያገኘኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ ከሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ ተሳፍሮ ናታንያ ወይም ሌላ ከተማ ወዳለ ስብሰባ መሄድ ይችላል። የትኛውም ከተማ ያለ ሰው በየትኛውም ቡድን መሳተፍ ይፈቀድለታል።

ከየት እንጀምር?

1. ከቤተሰብ ሐኪም (ሮፌ ሚሽፓሃ)። በቁፓት ሖሊም ቀጠሮ ይዛችሁ፣ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚጠጣ ሳትደብቁ ንገሩት። በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሐኪሙ ምሥጢር እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ልጅ የአባቱን ስካር እየተረጎመ መቀመጥ የለበትም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት የትርጉም አገልግሎት እንዲያቀርቡ አዟል፤ ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።

2. ከማዘጋጃ ቤቱ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል (ሬቫኻ)። በሱስ ጉዳይ የሚሠራ ኦቬድ ሶሲያሊ እንዲያነጋግራችሁና ቅርብ ያለውን ቡድን እንዲጠቁማችሁ ጠይቁ። እርሱም ምሥጢር ጠባቂ ነው። ሕፃን ልጅ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ሕጉ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ስልክ 118 የሬቫኻ ሚኒስቴር የእርዳታ መስመር ነው።

3. ከራሱ ከማኅበሩ። ስብሰባው የት፣ በስንት ሰዓትና በምን ቋንቋ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ስብሰባው "ክፍት" ከሆነ ዘመድ አብሮ መግባት ይችላል፤ "ዝግ" ከሆነ ግን ለጠጪዎች ብቻ ነው። በአማርኛ የሚካሄድ ካልተገኘ፣ በማኅበሩ ልማድ መሠረት ለማቆም የቆረጡ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ቡድን መጀመር ይችላሉ።

ጠጪው እምቢ ቢልስ?

ሚስት፣ ባል ወይም ልጅ እርሱን ሳይጠብቁ መጀመር ይችላሉ። የቢል ዊልሰን ባለቤት ሎይስ በ1951 ከሌላ ሴት ጋር ሆና የመሠረተችው "አል አኖን" የሚባለው ማኅበር ለጠጪው ቤተሰብ የተዘጋጀ ነው። እዚያ የሚሄድ ሰው ጠርሙስ መደበቅ፣ ለአሠሪ መዋሸትና ዕዳ መክፈል ጠጪውን እንደማያድነው ከሌሎች ይማራል። ጠጪውን ስታነጋግሩት ሳይሰክር ይሁን፤ ስድብ ይቅር። ቃሉ የሚከበር ቄስ ወይም ሽማግሌ ካለ፣ ለተግሣጽ ሳይሆን ወደ ሐኪም ወይም ወደ መጀመሪያው ስብሰባ አብሮት እንዲሄድ ለምኑት።

ብርቱ ጥንቃቄ

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የቆየ ሰው በአንድ ቀን በድንገት ማቆም የለበትም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በጥቂት ሰዓታት መንቀጥቀጥና ላብ ሊጀምረው ይችላል፤ በቀጣዮቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ወይም የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ይህ ለሞት ያደርሳል። ስለዚህ ቤት ዘግቶ ማስቆም አይገባም፤ አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ምልክቱ ከታየ ወዲያውኑ 101 ደውሉ። ሌሊት ጭንቀት ለበዛበት ሰው ደግሞ የኤራን መስመር 1201 ቀንና ሌሊት ክፍት ነው።

በመጨረሻም፣ ሰው ከአንድ ስብሰባ በኋላ ተመልሶ ቢጠጣ "አበቃለት" አትበሉ። ብዙዎች ወድቀው ተነስተው ነው የዳኑት። በሚቀጥለው ሳምንት አብራችሁት ሂዱ። ጤናውን ያብዛልን!