ሁለቱ ሰማያዊ ዲስኮችና የኮምፒዩተር ገበያ

ሁለት አምራቾች ለአንድ አገልግሎት የሚውሉ፣ ነገር ግን እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት ዕቃዎች ሠርተው ወደ ገበያ ሲያወጡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው ገንዘቡን አውጥቶ ዕቃውን በመደብሩ የሚደረድረው ነጋዴ ነው። ፋብሪካው ቢሸነፍ ሌላ ሥራ አለው፤ ነጋዴው ግን የተሸነፈውን ዕቃ ታቅፎ ይቀራል። ለዚህ ከቅርብ ዘመን የሚጠቀሰው ምሳሌ ብሉ ሬይና ኤችዲ ዲቪዲ በተባሉት ዲስኮች ምክንያት የተደረገው ውድድር ነው። ስለ ፊልሙ ገበያ ብዙ ተነግሯል። በኮምፒዩተር ገበያ የደረሰው ግን ከዚያ የተለየ ስለ ሆነ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዲስክ የሚነበበው በብርሃን ነው። በዲስኩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ምልክቶች በመሥመር ተደርድረዋል፤ የሌዘር ብርሃን በላያቸው ሲያልፍ ነጸብራቁ ይለዋወጣል፤ መሣሪያውም ይህን መለዋወጥ ወደ ሥዕልና ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። ቁም ጸሓፊ መቃ ብርዑን ባቀጠነ መጠን በአንድ ገጽ ብራና ላይ ብዙ ቃል እንደሚያሰፍር ሁሉ፣ የሌዘሩ ሞገድ ባጠረ መጠን በአንድ ዲስክ ላይ የሚሰፍረው ነገር ይበዛል። የሲዲ ሌዘር ሞገዱ 780 ናኖሜትር ሲሆን ዲስኩ 700 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ የዲቪዲ ቀይ ሌዘር 650 ናኖሜትር ሲሆን በአንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። አዲሶቹ ሁለት ዲስኮች ግን በ405 ናኖሜትር ሰማያዊ ሌዘር የሚነበቡ ናቸው። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ጥቃቅን መሣሪያ መሥራት ለብዙ ዘመን አስቸግሮ የኖረ ጉዳይ ነበር፤ መንገዱን ከከፈቱት አንዱ በኒቺያ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሹጂ ናካሙራ ነው። እርሱና ሁለቱ ጃፓናውያን ሊቃውንት አካሳኪና አማኖ ስለ ሰማያዊው ኤልኢዲ በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

እንግዲህ ሌዘሩ አንድ ከሆነ ጠቡ ከምን መጣ? የጠቡ ሥር ብርሃኑ አልፎት የሚገባው የዲስኩ ሽፋን ውፍረት ነበር። ቶሺባና ኤንኢሲ ያቀረቡት ኤችዲ ዲቪዲ ሽፋኑ እንደ ዲቪዲው 0.6 ሚሊሜትር በመሆኑ የዲቪዲ ፋብሪካዎች ነባር መኪናዎቻቸውን ጥቂት አሻሽለው ሊያትሙት ይችሉ ነበር፤ የሚይዘው ግን በአንድ ንብርብር 15፣ በሁለት ንብርብር 30 ጊጋባይት ነው። በየካቲት 2002 ሶኒ፣ ማትሱሺታ፣ ፊሊፕስ፣ ፓዮኒርና ሌሎች፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ኩባንያዎች፣ የተስማሙበት ብሉ ሬይ በበኩሉ ሽፋኑ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህም 25 ወይም 50 ጊጋባይት ይይዛል። ሽፋኑ እጅግ ስስ በመሆኑ በቀላሉ እንዳይጫር ጠንካራ ቅብ ያስፈልገዋል፤ ለማተሚያውም አዲስ መኪና መግዛት ግድ ነው። አንደኛው ወገን ለዛሬው ወጪ፣ ሁለተኛው ለነገው ይዞታ አሰበ ማለት ነው። በ2005 ሁለቱን ወደ አንድ ለማምጣት ድርድር ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ሽፋናቸውን የሚለቁ ስላልሆኑ ያለ ፍሬ ቀረ።

በኮምፒዩተር ሠሪዎች መካከል የነበረው አሰላለፍ ከዚህ የበለጠ የተወሳሰበ ነበር። ዴልና ኤችፒ በ2004፣ አፕል በ2005 ከብሉ ሬይ ወገን ቆሙ። በመስከረም 2005 ግን ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ኤችዲ ዲቪዲን እንደሚደግፉ አስታወቁ። ካቀረቡት ምክንያት አንዱ ገዢው ፊልሙን በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ በሕጋዊ መንገድ ገልብጦ እንዲያስቀምጥ መፈቀዱ ነበር። ይህ ለኮምፒዩተር ሻጭ ታላቅ ነገር ነው፤ የተገለበጠ ፊልም ትልቅ ሃርድ ዲስክ ይፈልጋልና። ኤችፒም ይኸው መብት በብሉ ሬይ ውስጥ እንዲገባ ጠይቆ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ ተቀባይነት ሲያገኝ ሌላው ስለ ቀረበት፣ በታኅሣሥ 2005 ሁለቱንም ወገን እንደሚደግፍ አስታወቀ። በሁለት ወገን መቆም ለትልቅ ድርጅት የሚቻል ነው፤ ለትንሽ ቸርቻሪ ግን ሁለት ጊዜ ገንዘብ ማሰር ማለት ነው።

በ2006 ዕቃው ወደ ገበያ ወጣ። ቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲ ያለበትን ኮስሚዮ፣ ሶኒም ብሉ ሬይ ያለበትን ቫዮ ላፕቶፕ አቀረቡ፤ ሁለቱም 17 ኢንች ስክሪን ያላቸው፣ ዋጋቸውም 3,000 ዶላር ገደማና ከዚያ በላይ የሆነ የባለጠጋ ዕቃዎች ነበሩ። ፓዮኒር ለዴስክቶፕ ያወጣው የመጀመሪያው የብሉ ሬይ መጻፊያ ድራይቭ 1,000 ዶላር ገደማ ሲያወጣ፣ የሚገርመው ተራውን ሲዲ እንኳ አያነብም ነበር! በዚያው ዘመን ሲዲንም ዲቪዲንም የሚያነብና የሚጽፍ ድራይቭ ከ50 ዶላር በታች ይገኝ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ ጨዋታ መሣሪያው በ199 ዶላር ያወጣውን የኤችዲ ዲቪዲ ማንበቢያ አንዳንድ ብልሆች በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተራቸው ጋር አገናኝተው ተጠቀሙበት፤ ይህም በጊዜው ለኮምፒዩተር የተገኘ እጅግ ርካሹ መንገድ ሆነ።

ይሁን እንጂ ድራይቩን መግዛት ብቻውን ፊልሙን አያሳይም ነበር፤ ጉዳዩን እዚህ ላይ ቆም ብሎ መመልከት ይገባል። የፊልም ኩባንያዎች ሥራቸው እንዳይሰረቅ ስለ ፈሩ ሁለቱም ዲስኮች አንድ ዓይነት ምስጢራዊ ቍልፍ ተደረገባቸው። ፊልሙ በኮምፒዩተር እንዲታይ ፈቃድ የተከፈለበት ማጫወቻ ፕሮግራም፣ ኤችዲሲፒ የተባለውን መከላከያ የሚቀበል የግራፊክስ ካርድና ይህንኑ የሚቀበል ሞኒተር ያስፈልግ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ገዢው ያየው የነበረው ጥቍር መስኮት ወይም የስሕተት ማስታወቂያ ነው። በ2006 በየቢሮውና በየቤቱ ከነበሩት ሞኒተሮች ብዙዎቹ ይህ መከላከያ አልነበራቸውም። በ2007 ደግሞ ቍልፎቹ በተንኮለኞች እጅ ስለ ገቡ የአንድ ታዋቂ ፕሮግራም ቍልፍ ተሰረዘ፤ ገንዘባቸውን በሕጋዊ መንገድ የከፈሉት ደንበኞችም ፕሮግራማቸውን ካላደሱ አዲሱን ፊልም እንዳያዩ ሆኑ። ደንበኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት የሚሄደው ወደ ፊልም ሠሪው ዘንድ አይደለም፤ የሚመጣው ዕቃውን ወደ ሸጠለት መደብር ነው። ዲቪዲ እንዲያ ሳያስቸግር በኖረበት መሣሪያ ላይ ይህን ሁሉ ማስረዳት ለሻጩ የማይወደድ ሥራ ነበር፤ ስለዚህም ኮምፒዩተር ሠሪዎች ሰማያዊውን ድራይቭ ለሚፈልግ ብቻ በተጨማሪ ዋጋ የሚታዘዝ አድርገው፣ ዲቪዲውን በየሳጥኑ ማስገባታቸውን ቀጠሉ።

በመካከል ለማስታረቅ የሞከሩ አልጠፉም። በጥር 2007 ኤልጂ ሁለቱንም ዲስክ የሚያጫውት መሣሪያ በ1,199 ዶላር አወጣ፤ ወርነር በአንድ ፊት ብሉ ሬይ፣ በሌላው ኤችዲ ዲቪዲ የሆነ ዲስክ እንደሚያወጣ ቢያስታውቅም ለሽያጭ ሳያቀርበው ቀረ። የጨዋታ መሣሪያ የሆነው የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 ከኅዳር 2006 ጀምሮ ብሉ ሬይን በውስጡ ይዞ ወደ ብዙ ቤት መግባቱ ለሶኒ ወገን ታላቅ እገዛ ሆነ። ጥር 4 ቀን 2008 ወርነር ከብሉ ሬይ ጋር ብቻ እንደሚሠራ አስታወቀ። በየካቲት ኔትፍሊክስ፣ ቤስት ባይና ዎልማርት ተከታተሉ፤ ቶሺባም የካቲት 19 ቀን ሥራውን ማቆሙን ገለጸ። ከወርነር ማስታወቂያ እስከ ቶሺባ ማቆም ድረስ ሰባት ሳምንት እንኳ አልሞላም። በዚያ ጊዜ ያዘዘው ዕቃ በመንገድ ላይ የነበረበት ነጋዴ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ቶሺባ ራሱ በ2009 ወደ ብሉ ሬይ ማኅበር ገብቶ የትናንት ተቀናቃኙን ዕቃ መሸጥ ጀመረ።

አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ብሉ ሬይ በየኮምፒዩተሩ ይገባል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ሆኖም አልገባም። በጥር 2008፣ ወርነር ወገኑን በለየበት በዚያው ወር፣ አፕል ምንም ዓይነት ዲስክ የማይቀበለውን ማክቡክ ኤር አቀረበ። በጥቅምት 2008 የአፕል መሪ ስቲቭ ጆብስ የብሉ ሬይ የፈቃድ አከፋፈል እጅግ የተወሳሰበ መሆኑን በግልጽ አማረረ፤ አፕልም በብሉ ሬይ ማኅበር ውስጥ እያለ አንድም ማክ ከነብሉ ሬይ ድራይቩ ሳይሸጥ ቀረ። ኔትፍሊክስ ከ2007 ጀምሮ ፊልም በኢንተርኔት ያሳይ ነበር። ሰነድና ፎቶግራፍ ከቦታ ወደ ቦታ ለማጓጓዝም በኪስ የሚያዘው ፍላሽ ዲስክን ተካ፤ ፍላሽ ድራይቭ አይፈልግም፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ተሰርዞም እንደገና ይጻፍበታል። በኢትዮጵያም የአማርኛ ፊልም በቪሲዲና በዲቪዲ ሲሸጥ ኖሮ ወደ ፍላሽና ወደ ኢንተርኔት ሲሻገር ሰማያዊው ዲስክ የገበያውን ደጅ ሳይረግጥ ታልፏል። ማይክሮሶፍት በ2012 ባወጣው ዊንዶውስ 8 የዲቪዲን ማጫወቻ ጭምር ከመደበኛው ዕቃ ውስጥ አወጣው።

በ2016 የወጣው አልትራ ኤችዲ ብሉ ሬይ እስከ 100 ጊጋባይት የሚይዝ ቢሆንም በኮምፒዩተር ለመታየት ኤስጂኤክስ የተባለ በኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ የሚገኝ መከላከያ ያስፈልገው ነበር፤ ኢንቴል ግን ይህን ክፍል ከአዲሶቹ ኮር ፕሮሰሰሮቹ አስወጣው። ስለዚህም አሮጌውን ኮምፒዩተሩን በአዲስ የለወጠ ሰው ትናንት ያየው የነበረውን ዲስክ በአዲሱ ላይ ሊያየው የማይችልበት ጊዜ መጣ። ሶኒም በየካቲት 2025 የሚጻፍባቸውን የብሉ ሬይ ዲስኮች መሥራት አቆመ። የታተመ ፊልም ያለባቸው ዲስኮች አሁንም ይሸጣሉ፤ በኮምፒዩተሩ ሊያያቸው የሚፈልግ ገዢ ግን ድራይቩን ለብቻው፣ ፕሮግራሙንም ለብቻው ገዝቶ በዩኤስቢ ገመድ ያያይዛል።