ሳይቆረጥ የሚድን ሸለፈት

በሊማሊሞ ቁልቁለት ግርጌ ባለችው ዛሪማ፣ እንደ ሌላው የሰሜን ጎንደር አገር ሁሉ፣ የክርስቲያን ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። ሙስሊሙም በየቤተሰቡ ልማድ፣ አንዳንዴ ዘግየት አድርጎ፣ ልጁን ያስገርዛል። የጎንደር ቤተ እስራኤላውያንም ስምንተኛውን ቀን አጥብቀው ይጠብቁ ነበር። ዐፄ ገላውዴዎስ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር በነበረው ክርክር፣ እ.ኤ.አ. በ1555 ባወጡት የሃይማኖት መግለጫ፣ ግርዛት በእኛ ዘንድ የሚፈጸመው እንደ አገር ልማድ እንጂ እንደ አይሁድ ሕግ አይደለም ብለው ነበር። ልማዱ ዛሬም ጸንቶ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአሥር ወንዶች ዘጠኙ የተገረዙ ሆነው ተገኝተዋል።

ይህ ጽሑፍ ከእምነቱም ከልማዱም ጋር ጠብ የለውም። (የሴት ልጅ ግርዛት ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አንዳች የጤና ጥቅም የሌለው ጉዳት ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ይቀጣበታል።) እኔን የሚያሳስበኝ ስምንተኛው ቀን ያለፈባቸው ልጆች ነገር ነው። ክብደቱ አንሶ የተወለደ፣ ቆዳውና ዓይኑ ላይ ብጫታ የታየበት፣ ወላጆቹ ለሥራ ወይም በችግር ቀያቸውን ለቀው ሲንከራተቱ ጊዜው ያለፈበት፣ ወይም አውሮፓና አሜሪካ ተወልዶ እዚያው ያደገ ልጅ አለ። የዚህ ልጅ ሸለፈት ወደ ኋላ አልመለስ ሲል ወይም ሲቀላ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ይቆረጥ»። ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹ ግን በጊዜ፣ በውሃና በአንድ ቅባት ይድናሉ።

ሲጀመር የሕፃን ሸለፈት ወደ ኋላ አለመመለሱ በሽታ አይደለም። ልጅ ሲወለድ ሸለፈቱ ከውስጥ በኩል ከብልቱ ራስ ጋር ተጣብቆ ነው የሚወለደው። ይህንን በግልጽ ያሳየው እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዳግላስ ጌርድነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጥናት፣ ሲወለዱ ሸለፈታቸው ሙሉ በሙሉ የሚመለስ ሕፃናት ከመቶ 4 ገደማ ብቻ እንደሆኑ አሳየ። በዚያው ጽሑፍ በእንግሊዝና በዌልስ በግርዛት ሳቢያ በየዓመቱ 16 ገደማ ሕፃናት ይሞቱ እንደነበር አስታወቀ። አገሪቱ ልጆችን በጅምላ መግረዝ የተወችው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ያኮብ ኦስተር የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም የተማሪ ልጆችን ለዓመታት ተከታትሎ ያገኘውን አሳተመ። ከ6 እስከ 7 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ መጣበቁ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ይታያል፤ በ16 እና በ17 ዓመታቸው ግን ከመቶ 3 አካባቢ ብቻ ይቀራል። የሸለፈት መጥበብም በትንንሾቹ 8 ከመቶ የነበረው በጎረምሶቹ ዘንድ ወደ 1 ከመቶ ይወርዳል። ማንም አልቆረጣቸውም፤ ማንም አልጎተታቸውም። ዕድሜ ነው የፈታው።

እናቶች የሚፈሩት ሌላም ምልክት አለ። ልጁ ሲሸና ሸለፈቱ ይነፋል፤ ሽንቱ ግን ያለ ምጥ ይወጣል። ወይም ከቆዳው ሥር ነጭ እብጠት መሳይ ነገር ይታያል፤ መግል መስሏት ትደነግጣለች። መግል ግን አይደለም። የተጣበቀው ቆዳ ቀስ በቀስ ሲላቀቅ የሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ተጠራቅመው የሚፈጥሩት ቅሪት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይወጣል። መቅላት፣ ሕመም፣ ትኩሳት ከሌለ ሁለቱም መድኃኒት አይሹም።

አንድ ነገር ግን መደረግ የለበትም። «እንዳይጠብበት» ተብሎ ሕፃኑን ሲያጥቡ ሸለፈቱን በኃይል ወደ ኋላ መግፋት ጉዳቱ ከባድ ነው። ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ይደማል፤ ሲድን ደግሞ ጠባሳ ይዞ ይድናል። ጠባሳ እንደ ጤነኛ ቆዳ አይለጠጥም። ስለዚህ ያልነበረው መጥበብ አሁን በእውነት ይመጣል። ሕፃኑን ከውጭ በኩል ለብ ባለ ውሃ ማጠብ በቂ ነው። ልጁ አድጎ ሸለፈቱ ራሱ ሲላቀቅ፣ የሚመለሰውን ያህል ብቻ መልሶ እንዲታጠብና ታጥቦ ሲጨርስ ወደ ቦታው እንዲመልሰው ማስተማር የአባት ድርሻ ነው።

በእርግጥ የጠበበስ? ልጁ አድጎ አሁንም ሲያመው፣ ሲሸና ሲያምጥ ወይም ደጋግሞ ሲቀላበት መታከም አለበት። ሐኪሞች ፋይሞሲስ ይሉታል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ወላጅ ያልሰማው ሕክምና ያለው። ቤታሜታዞንን የመሰለ የስቴሮይድ ቅባት፣ ብዙ ጊዜ 0.05 ከመቶ የሆነው፣ ጠዋትና ማታ ይቀባል። የሚቀባው ብልቱን በሙሉ አይደለም፤ ሸለፈቱን ሕመም እስከማይሰማው ድረስ ብቻ ሳብ አድርጎ፣ የሚያንቀው ቀለበት በሚታይበት ቦታ ላይ ነው። መጠኑ የምስር ፍሬ የሚያህል ይበቃል። ከተወሰኑ ቀናት በኋላ፣ ቅባቱ ከተቀባ ወዲያ ቆዳውን በቀስታ የመሳብ ልምምድ ይጨመርበታል፤ ሕመም ሲመጣ ማቆም ግድ ነው። ይህ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይቀጥላል። ቅባቱ ብግነትን ያበርዳል፤ ቆዳውን የሚያጠነክረው ፋይበር እንዳይደራጅ አድርጎ ቀለበቱን ያሳሳዋል፣ ያለሰልሰዋል። በዚህ መንገድ የጠበበው ይለጠጣል።

ማስረጃም አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ 12 ጥናቶችንና 1395 ወንዶች ልጆችን አጠቃሎ፣ ቅባቱ የማስመሰያ ቅባት ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር የብዙ ልጆችን መጥበብ እንደሚፈታ አሳይቷል። ጉዳት ያደረሰባቸው ልጆች እምብዛም አልነበሩም። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ቅባቱን ሲያቆሙ መጥበቡ ሊመለስባቸው ይችላል፤ ያኔ ሕክምናው ይደገማል። ታዲያ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በየከተማው ፊት ለማቅላት ብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀቡትና ፊታቸውን የሚያበላሹበት ቅባትም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። መድኃኒቱ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው መጠንና ለተወሰነ ጊዜ ሲሆን ይፈውሳል። ከጎረቤት ተውሶ ለወራት መቀባት ግን ቆዳን ይጎዳል። ከጤና ጣቢያ ታዝዞ ይወሰድ።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ሐሳቡ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠሩ መላክ ነበር። ይህ ቅባት የዚያ ዓይነት ሕክምና ነው፤ የቀዶ ጥገና ክፍል አይጠይቅም፣ ማደንዘዣ አይጠይቅም፣ ስፔሻሊስት አይጠይቅም። እንደ ዛሪማ ባለች ከተማ ጤና ጣቢያ ሊሰጥ የሚችል ነው።

ሸለፈቱና የብልቱ ራስ ቀልቶ የሚያሳክክና ፈሳሽ የሚያመጣ ከሆነ ብግነት ነው። በትንንሽ ልጆች ብዙውን ጊዜ ለብ ባለ ጨው ውሃ መዘፍዘፍና ሳሙና መተው ይበቃዋል፤ ፈንገስ ሲሆን ክሎትሪማዞል ይቀባል። ችግሩ በትልቅ ሰው ላይ ሲደጋገም ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ያልተገረዘ አዋቂ ሰው ሸለፈቱ ሳይታሰብ እየጠበበ፣ እየተሰነጠቀ ቢያስቸግረው መጀመሪያ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይለካ። ያልታወቀ የስኳር በሽታ ራሱን በዚህ በር ሊገልጥ ይችላል።

አሁን ወደ አስቸኳዩ ልለፍ። ሸለፈት ወደ ኋላ ተመልሶ ሳይወርድ ከቀረ፣ ከብልቱ ራስ በታች እንደ ቀለበት ያንቃል። ደም መግባቱን ሳይተው መውጫው ስለሚታገድ የብልቱ ራስ ያብጣል፤ ባበጠ ቁጥር ቀለበቱ ይብሳል። ይህ ፓራፋይሞሲስ ይባላል፤ የሰዓታት ጉዳይ ነው። የዛሪማ ታካሚ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ለመድረስ የሊማሊሞን አቀበት መውጣት አለበት። ለዚህም ነው ጤና ጣቢያው መንገድ ከማስጀመሩ በፊት ሊሞክረው የሚገባው ነገር ያለው። የሕመም ማስታገሻ ይሰጣል። ያበጠውን ክፍል በቀዝቃዛ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በእጅ ጭብጥ ሳያላቅቁ ለተወሰኑ ደቂቃዎች በእኩል ኃይል መጫን ይገባል፤ እብጠቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከዚያ ባለሙያው ሁለቱን አውራ ጣቶቹን በብልቱ ራስ ላይ አድርጎ ወደ ውስጥ ሲገፋ፣ በሌሎቹ ጣቶቹ ሸለፈቱን ወደ ፊት ይስባል። እምቢ ካለ ስኳር አለ፤ የምንጠጣበት ደረቅ ስኳር። በእብጠቱ ላይ በብዛት ተነስንሶ በራሰ ጎዝ ሲሸፈን፣ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ከቲሹው ውሃ ይስባል። በሕክምና መጻሕፍት የተመዘገበ ዘዴ ነው። ቀለሙ ከጠቆረ ወይም ሙከራው ካልሠራ ግን ያለ ማመንታት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

የተገረዘውም ልጅ ቢሆን ከዚህ ወሬ ውጭ አይደለም። ከግርዛት በኋላ የቀረው ቆዳ ከብልቱ ራስ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ቀላሉ መጣበቅ እያደር ይላቀቃል፤ በምላጭ መለየት አይገባም። አንዳንዴ ደግሞ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ከፊት ተጨማድዶ የብልቱን ራስ ከውስጥ ያስቀረዋል። ይህም በአብዛኛው በዚያው የቤታሜታዞን ቅባት ይለጠጣል። ሁለተኛ ግርዛት የመጀመሪያው አማራጭ መሆን የለበትም።

ጨርሶ መገረዝ የማይገባቸው ሕፃናትም አሉ። የሽንት ቀዳዳው ከጫፍ ሳይሆን ከሥር በኩል የተከፈተ ልጅ ሃይፖስፔዲያስ አለበት ይባላል። ቀዳዳውን ወደ ጫፉ የሚመልሰው ሐኪም ያንን ሸለፈት እንደ ጨርቅ ይጠቀምበታል፤ ገራዥ ከቆረጠው መጠገኛው ጠፋ። እናቱ ወይም አዋላጇ ሕፃኑን ስታጥብ ቀዳዳው የት እንደሆነ ብትመለከት ይህ ጥፋት አይደርስም። በቤተሰቡ ውስጥ ደሙ የማይቆም ወንድ ካለ ወይም ከነበረ ደግሞ ሄሞፊሊያ ሊሆን ስለሚችል፣ ስምንተኛው ቀን ምርመራው እስኪያልቅ ይጠብቅ። በሚገረዘውም ልጅ ቁስል ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር መቀባት መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣውን ተህዋስ ሊያስገባ ይችላል።

ቀዶ ጥገና የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም እያልኩ አይደለም። ሸለፈቱ ነጭ፣ ጠንካራና ጠባሳ መሳይ ሆኖ ሲጠብ ላይከን ስክለሮሰስ የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ትክክለኛው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ግርዛት ነው። ቅባቱ በአግባቡ ተቀብቶ ካልሠራም ጊዜ ማባከን አያስፈልግም። በአንዳንድ አገሮች ሸለፈቱ ሳይቆረጥ የጠበበው ቀለበት ብቻ የሚሰፋበት ትንሽ ቀዶ ጥገና አለ። ፕሪፔክስ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም ጤና ድርጅት ተቀባይነት ያገኘው የላስቲክ ቀለበት ግን ቢላ ቢያስቀርም ግርዛትን አያስቀርም። ሸለፈቱን ደም አሳጥቶ የሚያደርቅ መሣሪያ ነው። ግርዛት የጤና ጥቅም እንዳለውም አልክድም፤ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተካሄዱት ጥናቶች አንድ ወንድ ከሴት በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉን በ60 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በዚህ ምክንያት ጋምቤላ የግርዛት አገልግሎት ቅድሚያ ከተሰጣቸው አካባቢዎች አንዷ ሆናለች። ይህ ግን የመከላከያ ጉዳይ ነው፤ የ5 ዓመት ልጅ ሸለፈት ስለ ጠበበ በአስቸኳይ ይገረዝ የሚያሰኝ አይደለም።

የልጅዎ ሸለፈት ካሳሰበዎ አይጎትቱት፣ ምላጭም አያስነኩት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያማክሩ፤ ጤና ጣቢያ ሲሄዱም ከቀዶ ጥገናው በፊት በቅባት መሞከር ይቻል እንደሆነ ባለሙያውን ይጠይቁ።